ኤፕሰን ቪ600፦ ስካነሩ ጥሩ ነው፣ ሻርፕ የምታደርገዋን ምልክት ግን አጥፏት

የድሮ ፎቶ ስካን ማድረግ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ግራ ይገባዋል። በእጁ ይዞ ሲያየው ጥርት ያለው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ፈዘዝ ይላል። የዓይኑ ሽፋሽፍት፣ የቀሚሱ ጥልፍ፣ የፀጉሩ ጫፍ፣ ሁሉም ትንሽ ለስለስ ብሎ ይታያል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ሻርፕ ይደረግ (ጠርዙ በኮምፒውተር ጎላ ይበል) ወይስ አይደረግ?

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ይደረግ። ስካነሩ ግን አያድርገው። እናንተ ራሳችሁ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ዋናው ፋይል ላይ ሳይሆን ቅጂው ላይ አድርጉት። ይህን የምለው የቤተሰቤንም የጎረቤቶቼንም ፎቶ በኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 እየሰበሰብኩ ስለቆየሁ ነው። ስለዚህ ስለ ስካነሩም አወራለሁ፣ አብዛኛው ወሬዬ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ምልክት ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንይ። ቪ600 አዲስ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ከወጣ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሁንም ፈላጊ አላጣም። ኤ4 ወረቀት የሚያህል መስታወት አለው። ክዳኑ ውስጥ መብራት ስላለ የታተመ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ኔጋቲቭና ስላይድም ያነባል። ባለ 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ከሆነ ሁለት ቁራጭ፣ ማለትም 12 ፎቶ በአንዴ ይይዛል። ስላይድ ከሆነ 4። ሰፋ ያለውን 120 ፊልምም ይቀበላል፣ ይሄ ደግሞ የድሮ ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። መብራቱ ኤልኢዲ ስለሆነ እስኪሞቅ መጠበቅ የለም። ከፍታችሁት ወዲያው ወደ ሥራ ነው።

ካርቶኑ ላይ 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበብ ነጥብ ብዛት) ይላል። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በገለልተኛ ፈተና ሲለካ በትክክል ለይቶ የሚያሳየው ወደ 1500ና 1600 ዲፒአይ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። ይሄ የጠረጴዛ ስካነሮች ሁሉ ጠባይ ነው፤ ብርሃኑን የሚያነበው ሴንሰር የሚቆጥረው ሌላ፣ ሌንሱ የሚያየው ሌላ። ለታተመ ፎቶ ግን ምንም አያሳስባችሁ። አብዛኛው የታተመ ፎቶ ራሱ ከ300 ዲፒአይ ብዙ የዘለለ ዝርዝር የለውም። እኔ በ600 ነው የማነሳው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ሲነሳ 2362 በ3543 ፒክስል ይሆናል፣ 8 ሜጋፒክስል ገደማ። ለማሳተምም ለማስቀመጥም ይበቃል። ጉርድ ፎቶ ወይም ከመዳፍ ያነሰ ከሆነ ብቻ ወደ 1200 ከፍ አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ ምልክቷ።

ኤፕሰን ስካን የሚባለው ፕሮግራም ሁሉን ነገር በራሱ የሚወስንበት አሠራር አለው፣ ፕሮፌሽናል የሚባልም አለው። ፕሮፌሽናሉ ውስጥ ስትገቡ ወደ ታች ወረድ ብላ «አንሻርፕ ማስክ» የምትል መስመር አለች። ምልክት ተደርጎባት ነው የምትጠብቃችሁ። ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ምርጫዎቿ ሦስት ናቸው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። አለቀ። ምን ያህል ይጠንክር፣ ከጠርዙ ስንት ፒክስል ድረስ ይሂድ፣ የቱን ይለፈው የሚል ማስተካከያ የላትም። ቅድመ እይታው ላይ ያለው ፎቶም ትንሽ ስለሆነ ምን እንዳደረገች የምታውቁት ስካኑ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ገብታለች።

ምን ታደርጋለች? አዲስ ነገር አታመጣም። ፎቶው ውስጥ ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ ትፈልግና በጨለማው በኩል ያለውን የበለጠ ታጨልማለች፣ በብርሃኑ በኩል ያለውን የበለጠ ታነጣለች። ዓይናችን ያንን ልዩነት ሲያይ «ጠራ» ይላል። ነገሩ ከኮምፒውተርም በፊት የነበረ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ የነበሩ የጨለማ ክፍል ባለሙያዎች ከኔጋቲቩ ሆን ብለው የደበዘዘ ፖዘቲቭ ቅጂ ይሠሩ ነበር፣ ከዚያ ሁለቱን ደርበው ሲያትሙ ጠርዙ ጎላ ብሎ ይወጣል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ያንኑ በስሌት ነው። ስለዚህ ማታለያ ነው ማለቴ አይደለም፣ የተከበረ ሙያ ነው። ጥያቄው መቼና ምን ያህል የሚለው ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ጭራሽ አትንኩት» የሚሉም አሉ። ስካነር የነካው ፎቶ ሁሉ ትንሽ ይለሰልሳል። በፎቶው ላይ ጥርት ያለ መስመር ካለ፣ ያ መስመር በትክክል በሁለት ፒክስል መካከል አይወድቅም፤ ግማሹ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ያርፍና ጥቁርና ነጭ የነበረው ግራጫ ሆኖ ይመዘገባል። ሌንሱም የራሱን ያለሰልሳል። የሴንሰሩን ክፍል እየገፋ የሚሄደው ሞተርም እንዲሁ። ፎቶው ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ካለም ይለሰልሳል። እነዚህ ሁሉ ሲደማመሩ በእጅ የያዛችሁት ፎቶና ስክሪን ላይ ያለው እኩል አይሆኑም። ያችን የጠፋች ጥራት ለመመለስ ለስለስ ያለ ሻርፕ ተገቢ ነው።

ታዲያ ስካነሩ ለምን አያደርገውም? ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፦ ስካነሩ ፎቶው የት እንደሚሄድ አያውቅም። ሻርፕ ሲደረግ ጠርዙ ላይ የሚፈጠረው ነጭና ጥቁር መስመር በፒክስል የሚቆጠር ስፋት አለው። ሁለት ፒክስል ነው እንበል። ፎቶውን ለስልክ አሳንሳችሁ ስትልኩት ያ መስመር ተጨፍልቆ ይጠፋል፣ ሻርፑ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ ፎቶ በኤ3 አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ስትፈልጉ ደግሞ መስመሩ ወደ ሦስት እጥፍ ይሰፋና ሰውየው ዙሪያውን በነጭ እስክሪብቶ የተከበበ ይመስላል። አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም። መጠኑ የሚወሰነው ፎቶው የመጨረሻ ልኩን ሲይዝ ነው።

ሌላም አለ። ሻርፕ የአክስትን ዓይንና አቧራን አይለይም። ጭረቱም፣ የጣት አሻራውም፣ የወረቀቱ ቅንጣትም ጠርዝ ስላለው አብሮ ይጎላል። አቧራውን በኋላ ልታጠፉ ስትሉ በዙሪያው ነጭ ቀለበት ይዞ ታገኙታላችሁ፣ አንዱን ስታጠፉ ሌላውን። ጨርሶ የነጣ ቦታ ደግሞ መመለሻ የለውም። ፈዛዛ ግራጫ የነበረው ተገፍቶ ንጹሕ ነጭ ላይ ከደረሰ ስር የነበረው ጥላ ሄደ፣ በምንም ፕሮግራም አይመጣም።

አንድ ፎቶ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። አክስቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ፎቶው ከመዳፍ አይበልጥም፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው። ሹሩባ ተሠርታለች። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ ጣል አድርጋለች። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ። ከኋላዋ የፎቶ ቤቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መጋረጃ ነው። ዘመዶች ይህን ፎቶ አንድ ፎቶ ቤት ወስደው ስካን አስደርገው በትልቁ አሳትመውላት ነበር። አክስቴ ሕትመቱን ስታይ መጀመሪያ የተናገረችው «ኧረ ምነው እንዲህ ያስረጁኝ!» ነው።

ልክ ነበረች። በኋላ ዋናውን ፎቶ ተቀብዬ በቪ600 አነሳሁት፣ አንዴ አንሻርፕ ማስኩን ከፍተኛ ላይ አድርጌ፣ አንዴ ጨርሶ አጥፍቼ። ሁለቱን ጎን ለጎን በ100 ፐርሰንት ስታዩአቸው የፎቶ ቤቱ ሕትመት ምን እንደነካው ይገባችኋል። ከፍተኛው ላይ፣ ጥቁሩ ፀጉሯ ከመጋረጃው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጭን ነጭ ክር ዞሯታል። ንቅሳቷ በዋናው ላይ ቆዳው ውስጥ የሰመጠ፣ ጠርዙ የሟሟ ግራጫ ነው፤ እዚህ ግን ትናንት በማተሚያ የታተመ ይመስል ድርቅ ያለ ጥቁር መስመር ሆኗል። ከዓይኗ ሥር ያለው የወረቀቱ ቅንጣት ጎልቶ መጨማደድ መስሏል። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ናት እኮ! በጣም ያናደደኝ ግን ነጠላው ነው። በዋናው ላይ ስስ ጨርቅ መሆኑ ይታወቃል፤ እጥፋቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል፣ ስሩ የቀሚሱ ጥልፍ በትንሹ ይታያል። ሻርፕ የተደረገው ላይ ያ ሁሉ ነጭ ጠጠር ሆኗል።

ያጠፋሁበት ስካን መጀመሪያ ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ነው፣ አልክድም። ግን ሁሉም ነገር ውስጡ አለ። አቧራውን አጸዳሁ፣ ጥቁሩንና ነጩን አስተካከልኩ፣ ለማሳተም ወደሚፈለገው ልክ አመጣሁት፣ በመጨረሻ ዓይኗና የቀሚሷ ጥልፍ ላይ ለስለስ ያለ ሻርፕ ጨመርኩ። ቆዳዋን፣ ንቅሳቷንና ነጠላዋን አልነካሁም። ሁለተኛውን ሕትመት ሳሎኗ ሰቅላዋለች።

የወረቀቱ ዓይነትም ይለያያል፣ ይህን ሳታዩ አትጀምሩ። አንጸባራቂና ለስላሳ ወረቀት ከሆነ ሻርፕ ይሸከማል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙ የቀለም ፎቶ የታተመበት፣ ላዩ ላይ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ጉድጓድ ያለው ወረቀት አለ፤ እሱ ላይ ሻርፕ ማድረግ ማለት ጉድጓዱን ፊት ላይ መቅረጽ ማለት ነው። ለዚህ አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ። ፎቶውን አንዴ አንሱ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ደግማችሁ አንሱ፣ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ላይ አቅንታችሁ በመጀመሪያው ላይ ደርቡና ግልጽነቱን 50 ፐርሰንት አድርጉት። የስካነሩ መብራት በአንድ በኩል ስለሚመጣ የጉድጓዶቹ ጥላ በሁለቱ ስካን ላይ በተቃራኒ ይወድቃል፣ ሲደረቡ አብዛኛው ይጠፋፋል። አድካሚ ነው፣ ለምትወዱት ፎቶ ግን ይገባዋል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጨለማው አካባቢ እንደ መስታወት ሰማያዊ ብር የሚያብለጨልጭ ካለም ሻርፑን በጣም ቀንሱ፣ እርጅናውን ነው የሚያጎላው።

መጽሔት ወይም ጋዜጣ ላይ የታተመ ፎቶ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እሱ የተሠራው ከጥቃቅን ነጠብጣብ ስለሆነ ሻርፑ ነጠብጣቡን ያሾለዋል፣ መረብ የመሰለ ነገር ይወጣል። እዚያ የሚያስፈልገው «ዲስክሪኒንግ» የሚለው ምርጫ ነው። የደብዳቤ፣ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን ከሆነ ደግሞ አትጨነቁ፣ አንሻርፕ ማስኩ ይብራ። ፊደሉ ተነበበ ወይ ነው ጥያቄው። ወይም ሰው አጠገባችሁ ቆሞ «አሁኑኑ በቴሌግራም ላክልኝ» ካለ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ላኩለት፣ ዋናውን በኋላ በደንብ አንሱት። ቴሌግራም ላይ በፎቶነት የተላከ ይጨመቃል፣ ይኮማተራልም፤ ሙሉውን ማድረስ ከፈለጋችሁ በፋይል ላኩ።

ሻርፕ ከማሰባችሁ በፊት ግን ስካኑ ራሱ ደህና ይሁን። ብዙ ጊዜ ሰው ሻርፕ የሚያደርገው ያልጸዳ መስታወት ወይም የተቆለመመ ፎቶ የፈጠረውን ብዥታ ለመሸፈን ነው። መስታወቱን በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ። ፎቶውን በውሃም በምራቅም አትንኩ፣ አየር በሚነፋ የጎማ ፓምፕ አቧራውን አባርሩ። አልበም ውስጥ ሆኖ የታጠፈ ከሆነ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት፣ ግን ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ አታስገድዱት። ቪ600 ውስጡ ያለው ሴንሰር ሲሲዲ የሚባለው ነው፣ በሌንስ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ፎቶው በትንሹ ከመስታወቱ ቢነሳም ይታገሳል። ቀጫጭኖቹ ስካነሮች፣ ለምሳሌ ካኖን ላይድ 300ና 400፣ ሲአይኤስ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት። ፎቶው መስታወቱ ላይ ልጥፍ ካለ ጥሩ ያነሳሉ፣ ትንሽ ከፍ ካለ ግን ያ ቦታ ይደበዝዛል፤ ያንን ደግሞ ሻርፕ አይመልሰውም። የእነሱ ጥቅም ሌላ ነው። ርካሽ ናቸው፣ ኃይል የሚወስዱት በዩኤስቢው ገመድ ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ሥራ አይቆምም። ፎቷችሁ ሁሉ ደህና ተዘርግቶ የተቀመጠ ከሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡና እነሱን ግዙ።

በስልክ ማንሳትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የስልክ ካሜራ ሻርፑን ሳይጠይቃችሁ ነው የሚጨምረው፣ በአብዛኛው ማጥፊያም የለውም። ለማየትና ለመላክ ይሆናል። ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ግን አይደለም። ፊትን አጥርተን እንሰጣለን የሚሉት የስልክ አፖች ጋ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የሌለ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ሌላ ሰው ፊት ላይ ከተማረው ይፈጥራል። የሟች አባታችሁን ዓይን ማሽን በገመተው ዓይን ሲተካ ማየት ለእኔ ከብዥታው ይብሳል።

አሁን ወደ ኔጋቲቭ። እዚህ ላይ ቪ600ን ደፍሬ አላሞግሰውም። የሌንሱ ፎከስ አንድ ቦታ የተወሰነ ነው፣ የፊልም መያዣው ቁመትም አይስተካከልም። ታላላቆቹ ቪ700፣ ቪ800ና ቪ850 መያዣቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ይሄኛው አይልም። ስለዚህ ፊልሙ ከተጠቀለለ መሃሉ ከፎከስ ይወጣል። ፊልሙን ማቃናት ከሻርፕ መቶ ጊዜ ይበልጣል። 35 ሚሊሜትሩን በ2400 አንሱት፣ ቢበዛ በ3200። በ6400 ብታነሱት አንዷ ፎቶ ቲፍ በሚባለው ከምስሉ በማይቀንስ የፋይል ዓይነት፣ በተለመደው 24 ቢት ቀለም፣ 165 ሜጋባይት ገደማ ትወጣለች፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው። ሃርድ ዲስክ መሙላት ብቻ። 120 ፊልም ላይ ግን ፊልሙ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ቪ600 የሚያኮራ ሥራ ይሠራል።

ዲጂታል አይስ የሚባለውም አለ፣ አቧራና ጭረት በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ፈልጎ የሚያጠፋ። በቀለም ኔጋቲቭ ላይ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በባህላዊው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን አጥፉት፤ ፊልሙ ላይ ያለው ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ ምስሉን ራሱ እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ኮዳክሮም በሚባለው የድሮ የኮዳክ ቀለም ስላይድ ላይም አይታመንም። አይስ በሠራበት ፋይል ላይ ምስሉ በትንሹ ይለሰልሳል፣ እዚያ በኋላ የምትጨምሩት ሻርፕ ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም።

የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ፕሮፌሽናል ውስጥ እገባለሁ። አንሻርፕ ማስኩን አጠፋለሁ። የቀለሙን ደረጃ በብዛት እንዲይዝ ቀለም ከሆነ 48 ቢት፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነ 16 ቢት ግራጫ አደርገዋለሁ። ቲፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ጄፔግ አይደለም፣ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ይቀንሳል። ይሄ ፋይል አይነካም፤ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ ቅጂ አወጣለሁ፣ አቧራ፣ ቀለም፣ ልክ፣ በመጨረሻ ሻርፕ። ፎቶሾፕ ያለው በእሱ፣ የሌለው በነፃው ጊምፕ ይሥራ፤ ጊምፕ ላይ አንሻርፕ ማስኩን ፊልተርስ፣ ከዚያ ኤንሃንስ ውስጥ ነው የምታገኙት። ሦስት ማስተካከያ አለው። ራዲየስ ማለት ከጠርዙ ምን ያህል ይራቅ ነው፣ አማውንት ምን ያህል ይበርታ፣ ትሬሾልድ ደግሞ ምን ያህል ደካማ የሆነውን ጠርዝ ይለፈው። ለስክሪን ራዲየሱን ከ0.5 አካባቢ ጀምሩ። በ300 ዲፒአይ ለሚታተም ከ1 እስከ 1.5። ትሬሾልዱን ዜሮ ላይ አትተዉት፣ ቆዳንና የወረቀት ቅንጣትን የሚያድነው እሱ ነው። ሻርፑን በተለየ ሌየር ላይ አድርጉት፣ ካልወደዳችሁት ትሰርዙታላችሁ፣ ዓይንና ጥልፍ ላይ ብቻ እንዲሆንም ትችላላችሁ። ስታዩት በ100 ፐርሰንት ይሁን፤ አሳንሳችሁ ካያችሁት ሁልጊዜ ያንሰኛል ትላላችሁ።

ለማተሚያ ስታዘጋጁ ስክሪን ላይ ትንሽ የበዛ እስኪመስል መሄድ ትችላላችሁ፣ በተለይ ወረቀቱ የማያንጸባርቅ ከሆነ። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ጠርዙ ይለሰልሳል። በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያንሳል። ከሁሉ የሚሻለው ከፎቶው ላይ ፊቷን ብቻ ቆርጣችሁ በትንሽ ወረቀት አሳትማችሁ ማየት ነው። የማተሚያ ቤቱ ማሽን በራሱ ሻርፕ የሚጨምር ከሆነም እንዲያጠፉት ንገሯቸው፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ ሆነ ማለት ነው።

ትልልቅ ተቋማትም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። የአሜሪካ ፌዴራል ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት ፋድጂ የሚባለው መመሪያ ስካን በምን ያህል ሻርፕ እንደተደረገ ይለካል፣ ጣሪያም አበጅቶለታል። ለታሪክ የሚቀመጥ ፋይል የታየውን እንጂ ያጌጠውን አይይዝም። የእኛ ቤት አልበምም ታሪክ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ብቸኛ ፎቶ አንዲት ናት፣ ኔጋቲቯ የለም፣ የተነሳችበት ፎቶ ቤትም ተዘግቷል።

ስካነሩን ልግዛ ወይ ለምትሉ። የታተመ ፎቶ በብዛት ካላችሁ፣ ከመሃሉ ኔጋቲቭና ስላይድ ካለበት፣ የታጠፈና የተቆለመመም ካለ፣ ቪ600ን ግዙ። ርካሽ ዕቃ አይደለም፣ ግን ለቤተሰብ አንድ ይበቃል፣ ከዘመድ ጋር ተጋግዞ ገዝቶ ተራ በተራ መጠቀም ይቻላል። ያገለገለም ከሆነ መስታወቱን በውስጥ በኩል በእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩ፣ ውስጡ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካለ ተዉት። የፊልም መያዣዎቹ አብረው መኖራቸውንም አረጋግጡ፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ ጥለዋቸው ነው የሚሸጡት። ያላችሁ 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ብቻ ከሆነ ግን ይህን አትግዙ፤ ለፊልም ብቻ የተሠራው ፕለስቴክ ኦፕቲክፊልም ከዚህ እጥፍ የሚበልጥ እውነተኛ ዝርዝር ያወጣል።

መግዛት ሳትፈልጉ ፎቶ ቤት የምትሰጡ ከሆነም እንዲህ ብላችሁ እዘዙ፦ በ600 ዲፒአይ፣ በቲፍ፣ ሻርፕም ማስዋብም ሳይደረግ፣ በፍላሽ። ፍላሹን ስትቀበሉ እዚያው አስከፍቱትና ፀጉርና መጋረጃ የሚገናኙበትን ቦታ ዙም አስደርጉ። ነጭ ክር ካያችሁ ደግመው ያንሱላችሁ።